የአሮጌ መኪና አዲስ ማርሽ

ሰው በእጁ የሠራውን ዕቃ ከተሠራበት ዘመን ወደ ሌላ ዘመን ሲያሻግረው ዕቃው ብቻውን አይሻገርም። የተሠራለት ዓላማ፣ የሠሩት ሰዎች ድካም፣ በዚያን ጊዜ ርካሽ የነበረውና ውድ የነበረው ነገር ሁሉ አብሮት ይሻገራል። አዲሱ ዘመን ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹን አይቀበልም። ያን ጊዜ የዕቃው ባለቤት፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አንድ የፍልስፍና ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም ለአሮጌ ነገር ታማኝ መሆን ማለት እንደነበረ መተው ነው ወይስ ሥራውን እንዲሠራ ማድረግ? የሚል ነው።

ጥያቄው በጥንታዊ ሕንፃዎችና በሥዕሎች ዙሪያ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ ሊቃውንትም ብዙ ጽፈውበታል። እዚህ የሚመረመረው ግን ከዚያ ዝቅ ባለ፣ ግራሶና የተቃጠለ ዘይት በሚሸትበት ስፍራ ነው። በአሜሪካ አገር ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መባቻ የተሠሩ ኃይለኛ መኪኖች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባለቤቶቻቸው ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ማርሽ ያስገጥሙላቸዋል። አንዳንዱ ከፋብሪካ የወጣውን ካምቢዮ አውርዶ ሌላ ይተካበታል፤ ሌላው ከካምቢዮው ጀርባ ተጨማሪ መሣሪያ ያስቀጥላል። ምክንያታቸው በአውራ ጎዳና ላይ ረጅም መንገድ መጓዝ መፈለጋቸው ነው። ይህን ድርጊት እንደ ነውር የሚቆጥሩትም ጥቂቶች አይደሉም። ክርክሩ የሥራ ፈቶች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን አሮጌ ዜማ የሚያስጠና መምህርም ሆነ የቆየ ተውኔት ለዛሬ መድረክ የሚያዘጋጅ አርቲስት በየሥራው የሚገጥመው ያው ነው፤ ልዩነቱ በመኪናው ላይ ነገሩ በቁጥር መለካቱ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች «ማስል ካር» የሚሉት፣ በአማርኛ ጡንቸኛ መኪና ሊባል የሚችለው ዓይነት ሲወለድ ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ለትልቅ መኪና የተሠራውን ሞተር መካከለኛ መጠን ባለው ተራ መኪና ውስጥ መክተት። ጄኔራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪኖቹ የ330 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ጣሪያ ወስኖ ሳለ የፖንቲያክ ክፍል መሐንዲሶች በ1964 ሞዴል ላይ 389 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም ወደ 6.4 ሊትር የሚጠጋ ሞተር በገዢው ምርጫ የሚጨመር ዕቃ አስመስለው በማቅረብ ደንቡን ዘለሉት። ጂቲኦ የተባለው ይህ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከ32,000 በላይ ተሸጠ። ሽያጩን ያዩት ተወዳዳሪዎች ሁሉ ተከተሉ፤ ሞተሩም ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ሄደ።

ከእነዚህ አንዱ፣ የ1970 ሞዴል ዶጅ ቻሌንጀር፣ ለምሳሌ ይወሰድ። አብዛኛው የተሠራው ዙሪያዋን በዲትሮይት ተከባ በምትገኘው ትንሽ ከተማ በሐምትራምክ፣ «ዶጅ ሜይን» በሚባለው ፋብሪካ ነው። ከቀረቡት ሞተሮች ኃይለኛው «ሄሚ» የሚባለው፣ 426 ኪዩቢክ ኢንች ወይም 7 ሊትር የሆነው ሲሆን ኩባንያው 425 የፈረስ ጉልበት እንዳለው ያስታውቅ ነበር። ከአራት ማርሽ ካምቢዮ ጋር 4.10 ለ1 የሆነ ዲፈረንሻል ማዘዝም ይቻል ነበር። የዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነው፤ ሩብ ማይልን፣ ይኸውም 402 ሜትርን፣ ከቆሙበት ተነሥቶ በአጭር ጊዜ መጨረስ። በዲትሮይት ውድዋርድ ጎዳና ላይ ወጣቶች ከአንዱ የትራፊክ መብራት እስከ ሌላው ይሽቀዳደሙ ነበርና መኪናው የተሠራው በሁለት መብራቶች መካከል ላለው ርቀት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ይህ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ሲወጣ የሚሆነው በስሌት ይታያል። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 2.1 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ጎማው በደቂቃ ወደ 873 ጊዜ መዞር አለበት። አራተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፤ ማለት ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንድ ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ በ4.10 ዲፈረንሻል ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,580፣ በሰዓት ከ214,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሞተሩ ይህን መቻሉን ማንም አይጠራጠርም። የማይችለው ሰው ነው። ጩኸቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጆሮ ውስጥ ይቀራል፤ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ይላል፤ የቤንዚኑ መርፌ ደግሞ ዐይን እያየው ይወርዳል። ነጂው ከሚቀጥለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮኽ አለበት። ከዚህ የተነሳ አንዳንዱ ባለቤት ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ መኪናውን በተጎታች ላይ ጭኖ በሌላ መኪና ይጎትተዋል፤ በዓለም ላይ ለመሮጥ ከተሠሩት ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ለመሮጥ የተሠራው ዕቃ በሌላ ጀርባ ታዝሎ ይጓዛል።

ኦቨርድራይቭ የሚለው ስም ለአማርኛ ጆሮ አሳሳች ነው። የኢትዮጵያ መካኒክ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ኮፈን የሚላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው ቤተኛ ሆነዋል፤ ይህኛው ግን ከእንግሊዝኛ እንዳለ ስለተወሰደ ሞተሩን ከመጠን በላይ መንዳት ያስመስላል። ሥራው ተቃራኒው ነው፤ ሞተሩን ያሳርፋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳይሞላ 0.73 ወይም 0.78 ዙር ሲዞር የሚወጣው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። በጥንታዊው አሠራር መካከል ላይ አንድ ጥርስ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች፣ በውጭ በኩል ደግሞ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ። የመካከሉ ጥርስ ተይዞ ሲቆምና የትንንሾቹ ተሸካሚ ሲዞር የውጪው ቀለበት ከተሸካሚው ፈጥኖ ይዞራል። በ0.73 ሲሰላ በላይ የታየው 3,580 ወደ 2,600 ይወርዳል። በአንድ ሰዓት ጉዞ ሞተሩ ከ57,000 ዙር በላይ ይተርፈዋል።

የቤንዚኑ ቁጠባ ግን አንዳንዶች እንደሚያስቡት በዚያው ልክ አይደለም። መኪናው የሚገፋው ነፋስ ያው ነፋስ ነው፤ ማርሽ ተለወጠ ተብሎ ነፋስ አይቀንስም። የሚቀንሰው ሞተሩ ራሱን ለማዞርና አየር ለመሳብ የሚያጠፋው ጉልበት ነው። በዚህ ላይ ወደ ጎማው የሚደርሰው የመጎተት ኃይል በዚያ ማርሽ ከሩብ በላይ ስለሚቀንስ ዳገት ሲመጣ ወደ ታች ማርሽ መመለስ ግድ ነው። ኦቨርድራይቭ ስጦታ አይደለም፤ ልውውጥ ነው።

የነገሩ አስገራሚ ጎን ይህ መሣሪያ ከጡንቸኛው መኪና በዕድሜ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ክራይስለር ኩባንያ በ1934 ኤርፍሎ በተባለው መኪናው ላይ ኦቨርድራይቭ አቅርቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በብዙ የአሜሪካ መኪኖች ላይ ተራ ነገር ሆነ። በእንግሊዝ አገርም ኤድጋር ዲ ኖርማንቪል የነደፈውና ሌይኮክ በተባለው የሼፊልድ ፋብሪካ የሚሠራው ዓይነት በ1940ዎቹ መጨረሻ ወጥቶ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። አውራ ጎዳናውም ቢሆን ከመኪናው ቀድሟል፤ ወደ 66,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ እንዲሠራ ያዘዘው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1956 ነው። እንግዲህ የ1970ውን መኪና የነደፉት ሰዎች ረጅሙን መንገድም፣ ለረጅም መንገድ የሚሆነውን ማርሽም ያውቁ ነበር። አውቀው ተዉት። ቤንዚን በ1970 በአሜሪካ ለአንድ ጋሎን፣ ለ3.8 ሊትር ያህል፣ ከ40 ሳንቲም በታች ይሸጥ ነበር፤ ገዢውም የሚጠይቀው 402ቱን ሜትር በስንት ሰኮንድ እንደሚጨርስ ነበር። ስለዚህ አዲስ የተባለው ማርሽ በአሮጌው መኪና ላይ የተጫነ የባዕድ ነገር ሳይሆን ሆን ተብሎ የተተወ ቦታ መሙያ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል።

በጥቅምት 1973 የአረብ ነዳጅ አምራች አገሮች ማዕቀብ ሲጥሉ ይህ ዓለም በአንድ ክረምት ተለወጠ። በ1974 የአሜሪካ መንግሥት ከፍተኛውን ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር አደረገ፤ አገር አቀፉ ወሰን ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1995 ነው። ከፍጥነቱ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ የሚጠቅመው ግን አንድ ትንሽ የፋብሪካ ታሪክ ነው። ክራይስለር በሄሚ ቻሌንጀር ላይ ይገጥመው የነበረውን ኤ833 የተባለ ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ በ1975 አውጥቶ ጥርሶቹን ለወጠ። ሦስተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ሆነ፤ አራተኛው 0.73 ኦቨርድራይቭ ሆነ። የሦስተኛውና የአራተኛው ቦታ በውስጥ ስለተለዋወጠ ከካምቢዮው ጎን ያለችውን አንዷን እጀታ ገልብጠው ገጠሟት፤ ነጂው በእጁ ምንም ልዩነት ሳያይ ማርሹን እንደ ቀድሞው ይቀያይራል። ይህ ካምቢዮ የሄሚን ጉልበት እንዲሸከም የታሰበ አልነበረም፤ ለትንንሽና ቆጣቢ መኪኖች ነበር። ነገር ግን «ሠሪው እንዲህ አልፈለገም» ለሚለው ሙግት ከባድ መልስ ይሆናል። ሠሪው ራሱ አምስት ዓመት ሳይሞላ ሐሳቡን ለወጠ። በ2008 የቻሌንጀርን ስም እንደገና ሲያነሣም ብዙ ሳይቆይ ከአንድ ለአንድ በላይ ማርሽ ያለው ባለስድስት ማርሽ ካምቢዮ ሰጠው።

እዚህ ላይ ግን «ሠሪው» የሚለው ቃል ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ለሠሪው ሐሳብ ታማኝ መሆን አለብን የሚሉ ሰዎች ሠሪ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያውን ወይም ንድፉን ያወጣውን መሐንዲስ ማለታቸው ነው። በዶጅ ሜይን መሥመር ላይ ቆመው መኪናውን በእጃቸው የገጣጠሙት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በዚህ ሐሳብ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የእነዚህ ሰዎች ሐሳብ ምን እንደነበር ግን ታሪክ መዝግቦታል። በግንቦት 1968 በዚያው ፋብሪካ ሠራተኞች ከማኅበራቸው ፈቃድ ውጭ ሥራ አቆሙ። አንዱ ዋና ምክንያታቸው የመገጣጠሚያው መሥመር ፍጥነት መጨመሩ ነበር። ከሥራ ማቆሙ በኋላ ቅጣቱ በጥቁር ሠራተኞች ላይ በረታ፤ ጄኔራል ቤከር የተባለው ሠራተኛ ከተባረሩት አንዱ ነበር። «የዶጅ አብዮታዊ የሠራተኞች ንቅናቄ» የተመሠረተው በዚያን ጊዜ ነው። በ1969 ከሌሎች ፋብሪካዎች መሰል ንቅናቄዎች ጋር ተባብሮ «የአብዮታዊ ጥቁር ሠራተኞች ሊግ» ሆነ፤ ትግሉም በ1970 በዘጋቢ ፊልም ተቀረጸ።

ስለ ፍጥነት የተሠራው መኪና የተሠራው ፍጥነትን በሚቃወሙ እጆች ነበር ማለት ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ፋብሪካው እንደሠራው ይቀመጥ የሚባለው እያንዳንዱ ብሎን፣ እያንዳንዱ የተጣደፈ ብየዳ፣ ከመሥመሩ ላይ በጥድፊያ የተቀባው ቀለም ፍሳሽ ሳይቀር፣ የዚያን ጥድፊያ አሻራ ይዟል። ዛሬ አንዳንድ አዳሾች ያንን የቀለም ፍሳሽ ሳይቀር አስመስለው ይሠሩታል። የጥድፊያው ውጤት ተከብሮ የተጣደፈው ሰው ሲረሳ ታማኝነቱ ለማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ዶጅ ሜይን በ1980 ተዘጋ፤ ቀጥሎም ፈረሰ። ስፍራው ለጄኔራል ሞተርስ አዲስ ፋብሪካ እንዲሆን ፖልታውን ከሚባለው ሰፈር ከ4,000 በላይ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲነሡ ተደረገ። ያንን ሰፈር እንደነበረ ለማቆየት የተደረገው ትግል አልተሳካም፤ በዚያው የተሠራው መኪና ግን የቁልፍ ሰሌዳው ቀለም እንኳ እንዳይለወጥ ይጠበቃል።

ስለ ማንነት የሚነሣው የፈላስፎች ክርክር የታወቀ ነው። ፕሉታርክ ስለ ቴሴየስ መርከብ ሲናገር የበሰበሰው ሳንቃ በአዲስ እየተተካ ሲሄድ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ? የሚል ጥያቄ በአቴና ይነሣ እንደነበር ጽፏል። ቶማስ ሆብስ በ17ኛው መቶ ዘመን ነገሩን አከበደው፤ የወለቁትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ ሌላ መርከብ የሚገጥም ሰው ቢኖር ከሁለቱ የቱ ነው የቴሴየስ? በጋራዥ ውስጥ ይህ የአእምሮ ጨዋታ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በክራይስለር መኪኖች ሞተርና ካምቢዮ ላይ ከመኪናው መለያ ቁጥር የተወሰደ ቁጥር ይመታ ነበር። ሦስቱ ሲገጥሙ መኪናው «ቁጥሩ የሚገጥም» ይባላል። ካምቢዮው ወርዶ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የመኪናው ማንነት የተወሰነ ክፍል በመደርደሪያው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ካምቢዮው ሌላ መኪና ላይ ቢገጠም የሆብስ ሁለተኛ መርከብ ተሠራ።

ይሁን እንጂ የቁጥሩ ክብር ከፍልስፍና ብቻ አልመጣም። በ2014 በሲያትል በተደረገ ጨረታ የቻሌንጀር የቅርብ ዘመድ የሆነ፣ በ1971 ከተሠሩት 11 ባለሄሚ ክፍት ጣሪያ ፕሊመዝ ኩዳዎች አንዱ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በፖለቲካ ኢኮኖሚ ቋንቋ ሲነገር የዕቃው የመጠቀሚያ ዋጋና የመለወጫ ዋጋ ፈጽሞ ተለያይተዋል። ሦስት ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መኪና በዝናብ አይነዳም፤ ድንጋይ በሚፈናጠርበት መንገድ አይወጣም። ባለቤቱ ባይነዳው ይሻለዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው «ታማኝነት» ማለት የገንዘቡ ጥበቃ ሲሆን ቃሉን ግን ከሥነ ምግባር ይዋሰዋል። ከዚህ የሚከተለው ደግሞ የከፋ ነው፤ ቁጥሩ ገንዘብ ሲሆን ቁጥር የሚያስመታ ይበዛል። የሌላ ሞተር ቁጥር ተፍቆ አዲስ ይመታበታል፤ ተራው መኪና የኃይለኛውን ልብስ ለብሶ ለገበያ ይቀርባል። በግልጽ አዲስ ማርሽ ያስገጠመውን ሰው የሚነቅፈው ገበያ ለተደበቀው ሐሰት ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል።

ነገር ግን የተቃዋሚዎቹ ሙግት በገበያው ርኩሰት አይፈርስም። ከሙግታቸው ሁሉ ጠንካራው ስለ ገንዘብም ሆነ ስለ ሠሪው ሐሳብ አይደለም፤ ስለ እውነት ነው። አሮጌ ዕቃ ምስክር ነው ይላሉ። በሰዓት 214,000 ጊዜ የሚዞረው ሞተር የሚያሰማው ጩኸት የዚያን ዘመን ቃል ነው፤ ነዳጅ አያልቅም ብሎ ያመነ፣ ለጆሮም ለአየርም ያልተጨነቀ ዘመን ቃል። ጩኸቱን ዝም አሰኝቶ ውበቱን ብቻ ማስቀረት ምስክሩን የሚጣፍጠውን ብቻ እንዲናገር ማባበል ነው። ኦቨርድራይቭ የተገጠመለት ቻሌንጀር ያለፈውን ዘመን ያለ ሥቃዩ ያቀርባል፤ እንዲህ ያለው ያለፈ ዘመን ደግሞ አልነበረም። ይህን ሙግት የሚንቅ ሰው የታሪክ መጻሕፍትን ለአንባቢ እንዲመቹ ማረምንም ሊፈቅድ ይችላል።

ለዚህ ሙግት የሚሆን መልስ ካለ ከሙዚቃ መሣሪያዎች ታሪክ ይገኛል። አንቶኒዮ ስትራዲቫሪ በክሬሞና የሠራቸው ቫዮሊኖች ዛሬ በትልልቅ አዳራሾች የሚሰሙት እርሱ እንደሠራቸው ሆነው አይደለም። አዳራሾቹ ሲሰፉና የሙዚቃው ቃና ከፍ ሲል፣ በተለይም በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ሁሉም ማለት ይቻላል አንገታቸው እንዲረዝምና ወደ ኋላ እንዲያዘነብል ተደርጓል፤ በውስጥ ያለው ደጋፊ ዘንግ በሌላ ተተክቷል። እነዚህን ቫዮሊኖች ሐሰተኞች ናቸው የሚል የለም። በ1716 የተሠራው «መሲሕ» የተባለው ቫዮሊን ግን በኦክስፎርድ አሽሞሊያን ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ይኖራል፤ ተጫውተውበታል ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ አዲስ ይመስላል። ዓለም ሁለቱንም ይፈልጋል። ሁሉም እንደ «መሲሕ» ቢቀመጡ ኖሮ ስትራዲቫሪ የአናጢነት ዝና ብቻ ይቀርለት ነበር፤ ሁሉም ተለውጠው ቢሆን ደግሞ የጥንት ሥራውን በዐይኑ የሚያይ ባልተገኘ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው «መለወጥ ይፈቀዳልን?» ከሚለው ወደ «የትኛው፣ ስንት ከቀረው፣ እንዴት ተደርጎ?» ወደሚለው ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ፍልስፍናነቱ አይቀንስም።

በዚህ መለኪያ ነገሩ ሲታይ ፍርዱ ለሁሉም አንድ አይሆንም። የ1970 ቻሌንጀር በጠቅላላው ከ70,000 በላይ ተሠርቷል፤ ሄሚ የተገጠመላቸው ግን ጥቂት መቶዎች ናቸው። ተራ ሞተር ያለውን፣ ቁጥሩም ድሮ የጠፋበትን መኪና ባለቤት በማርሽ ምክንያት መክሰስ ግብዝነት ነው። የጥቂቶቹ ባለቤት ግን የሚጠብቀው የራሱን ንብረት ብቻ አይደለም። እርሱም ቢሆን በሁለት ዓይነት ሥራ መካከል መምረጥ ይችላል፤ የክርክሩም ዋና ነጥብ ያለው፣ ብዙ ሰው ባይመለከተውም፣ እዚህ ነው። ከአዲሶቹ ባለአምስት ማርሽ ካምቢዮዎች ብዙዎቹ፣ በሜክሲኮ የተቋቋመው ትሬሜክ የሚሠራቸው ጭምር፣ ከአሮጌው ስለሚሰፉ በክራይስለር መኪኖች ውስጥ ለማስገባት በነጂውና በጎረቤቱ መካከል የሚያልፈው የወለል ላሜራ ብዙውን ጊዜ ተቆርጦ ሰፋ ብሎ እንደገና መበየድ አለበት። በጀርባ የሚቀጠለው ፕላኔታዊ መሣሪያ ግን አሮጌውን ካምቢዮ በቦታው ይተወዋል፤ አጥሮ የሚሠራው ወደ ኋላ አክስል የሚሄደው ዘንግ ነው፤ አሮጌው ዘንግ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው የማይመለስ ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን ሥራ ይመለሳል።

የጂቲኦ የመጀመሪያ ሞዴል ዓመት በሆነው በ1964 የሕንፃ ጥበቃ ባለሙያዎች በቬኒስ ተሰብስበው ለጥንታዊ ሕንፃዎች የታወቀውን ቻርተር አወጡ። ፊቫ በሚል ምሕፃር የሚጠራው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ከ2013 ወዲህ የሚመራበት የቱሪን ቻርተርም የዚያ ልጅ ነው፤ መኪናውን በመንገድ ላይ መጠቀም ራሱ የጥበቃው አካል መሆኑን ተቀብሎ፣ የሚጨመረው ነገር ግን ሊመለስ የሚችል እንዲሆን ይሻል። ቻርተር ያለ ባለቤቱ ሐቀኝነት ወረቀት ነው። የተጨመረውን ነገር የሚደብቅ ሰው ሊመለስ የሚችለውንም የማይመለስ ያደርገዋል፤ የሚቀጥለው ባለቤት ምን መመለስ እንዳለበት አያውቅምና። ስለዚህ በወረደው ዘንግ ላይ የመኪናው ቁጥር፣ የወረደበት ቀንና ምክንያት የተጻፈበት አንድ ቁራጭ ካርቶን ማሰር ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

በጀርባ የሚገጠመው መሣሪያ አንድ ሌላ ጠባይ አለው። ነጂው አንዲት ቁልፍ ሲነካ ኦቨርድራይቩ ይያዛል፤ እንደገና ሲነካ ይለቃል። ከዲትሮይት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ፣ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,800 ዙር እየዞረ፣ ከሚቀጥለው ሰው ጋር በተራ ድምፅ እያወራ ይቆያል። አብሮት ያለው ልጁ «ድሮ እንዴት ነበር የሚሰማው?» ብሎ የጠየቀው እንደሆነ ወሬውን አቁሞ ቁልፏን ይነካል፤ ሞተሩም እንደገና በደቂቃ 3,580 ጊዜ እየዞረ ይጮኻል።